የኋላው በር ድምፅ

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ። የዛሬው ነገር ከበድ ስለሚል ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ስንከርም አብራችሁኝ ለነበራችሁም፣ ዛሬ ገና ለመጣችሁም ሰዎቹን ባጭሩ ላስተዋውቃችሁ፤ ብዙ አይደሉም።

አንድ መካኒክ አለ። ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጸጥታ» ነው የሚሉት። ዝምተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መኪና ውስጥ የሚንኳኳ፣ የሚያንቋቋ፣ የሚያፏጭ ነገር ካለ ጆሮውን አስጠግቶ ከየት እንደሚመጣ የሚለይ፣ ለይቶም ጸጥ የሚያሰኘው እሱ ነው። አንዲት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ደግሞ አለች። አባቷ ሚጣ ስለሚሏት እኛም ሚጣ እንላታለን። አባቷ ባለ ብዙ ሱቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከፍ ያለ፣ ትልቅ ጥቁር መኪና አላቸው። ሁለቱ ልጆች የተዋደዱት በዚያ መኪና ነው። በየወሩ ለሰርቪስ ሲመጣ፣ ከኋላ ከትርፉ ስኮርታ ጎማ ጎን በተቀመጠው፣ የመኪና ማንሻው ክሪክ ባለበት ከረጢት ውስጥ የሷ ደብዳቤ ይገኛል፤ መኪናው ሲመለስ ደግሞ የሱ መልስ። እንዲህ እያሉ ዓመት ከስምንት ወር ተጻጻፉ።

አባትየው ሲሰሙ፣ «እጁ ከግራሶ ለማይጠራ ሰው ልጅ አልድርም» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ደብዳቤው ቆመ። ማን እንዳቆመው ሁለቱም የሚያውቁ ይመስላቸዋል፤ እሱ እሷ ናት ይላል፣ እሷ እሱ ነው ትላለች። ተጠያይቀው ግን አያውቁም። እንዲህ ሆነው ሁለት ዓመት ከአራት ወር አለፈ።

የዛሬው ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። የጋራዡ ጣራ ከሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ከየሥሩ የቀለም ባልዲ ተደቅኗል። ጸጥታ መኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ሌላ መኪና ግቢውን ገባ። ያ ጥቁር መኪና እንደሆነ ሳያየው በሞተሩ ድምፅ አወቀ። የያዘው መፍቻ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ጮኸ።

«ምነው ልጄ፣ አንተም ድምፅ ማውጣት ጀመርክ?» አሉት የጋራዡ ባለቤት። እሳቸውን ሁሉም ጋሼ ፒንሳ ነው የሚላቸው፤ ፒንሳ ከኪሳቸው ጠፍቶ አያውቅም።

ከመኪናው ስር ሲወጣ ሚጣ በሩን ከፍታ ወርዳ ቆማለች። ፊቱን አየችና ወዲያው ዓይኗን ወደ ባልዲው መለሰች፤ ባልዲው ጥያቄ የጠየቃት ይመስል።

«ደህና ዋልክ።»

«ደህና ዋልሽ።»

«የኋላው በር እምቢ አለኝ። ጠዋት ዘጋሁት፣ አሁን አይከፈትም። ዊልቸሩ ውስጥ ነው።»

«የማን ዊልቸር?»

በአገጯ ወደ ፊተኛው ወንበር አመለከተች። አባትየው ተቀምጠዋል። ከአራት ወር በፊት ግራ ጎናቸው ከድቷቸዋል፤ ያ ግርማቸው ሁሉ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ የአፋቸው ጫፍ ወርዶ፣ የታመመው ዓይናቸው ያለማቋረጥ ያነባል።

«ሐኪም ቤት ሠራተኞቹ አባዬን ተሸክመው ነው መኪና ውስጥ ያስገቡልኝ» አለች። «ቤት ስንደርስ ማን ያወርደዋል? ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ አንድ ቦታ እንዳይቀመጥ ብለውናል፤ ጀርባው ቆስሏል። አሁን አንድ ሰዓት ተኩል ሆነው።» «እዚህ መምጣት የፈለግሁት እኔ አይደለሁም» ብላ ጨመረች። «እሱ ነው "ጸጥታ ጋ" ያለው። ሁለቷን ቃል ለማውጣት ከድልድዩ እስከ አደባባዩ ፈጀበት።»

ጸጥታ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠረገ። የሚጠርገው ነገር አልነበረም።

«መክፈቻውን ተጫኚው» አላት።

ተጫነችው። ከበሩ ውስጥ ዝዝ የሚል ቀጭን ድምፅ መጣና ቆመ። እሱ ጆሮውን እርጥቡ ብረት ላይ ለጠፈ።

«ድገሚው።»

ዝዝ።

«ሞተሯ ትሠራለች። ባትሪ አይደለም፣ ፊውዝም አይደለም። መያዣው ሊለቅ እየፈለገ የሚከለክለው ነገር አለ።»

«እንዳንድ ሰው ነው በለኛ» አሉ ጋሼ ፒንሳ። ማንም አልሳቀላቸውም፤ እሳቸውም ሥራ ያላቸው መስለው ወደ ውስጥ ገቡ።

አንዳንዴ መያዣው የሚያዘው በሩ ተጭኖት ከሆነ፣ በሩን ወደ ውስጥ ሲገፉት ይለቃል። እሱ በትከሻው ሊገፋ፣ እሷ መክፈቻውን ልትጫን ተስማሙ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞከሩ። አልሆነም። በሦስተኛው እሷም አንድ እጇን በሩ ላይ አሳርፋ አብራው ገፋች። ሁለት እጆች እርጥብ ጥቁር ብረት ላይ ጎን ለጎን አረፉ፤ አንዱ ጥፍሩ ሥር ጥቁር የተጋገረበት፣ አንዱ ላይ ቀለበት።

ቀለበቱን አየው። ማየቱንም አየች።

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«አመሰግናለሁ። ሠርጉ ገና የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው።»

«ጥሩ ሰው ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው» አለች። «አባዬን እሱ ነበር ሐኪም ቤት የሚያመላልስልኝ፤ ዛሬ ሥራ ይዞት ነው። ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም።»

ክፉ ቢሆን ይሻለው ነበር፣ ልጆቼ። በክፉ ሰው ይናደዱበታል፤ በጥሩ ሰው ምን ይደረጋል? ቅናቱን እንኳ የሚጥልበት ቦታ አጥቶ በዝናቡ ውስጥ ቆመ።

*

ከውጭ እምቢ ያለ በር ከውስጥ ነው የሚለመነው። ጸጥታ የኋላውን መቀመጫ አጠፈና ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ፣ የታጠፈውን ዊልቸር ተሻግሮ በሆዱ ተሳበ። ከበሩ ሥር ደርሶ በጀርባው ተንጋለለ። ከፊት ለፊት፣ በመስታወቱ ውስጥ፣ የአባትየው ደህነኛ ዓይን ያየዋል።

እኚህ ሰው በደጉ ጊዜ እጅ አይሰጡትም ነበር። ሰላም ሲላቸው ዘንግ እንደሚያቀብል ሰው የእጅ አንጓቸውን ይዘረጉለታል፤ እሱም በሁለት ጣቱ አንጓቸውን ይነካና ይተዋል። ከጊዜ በኋላ እሱም ለሁሉም ሰው አንጓውን መስጠት ለመደ።

«ያ… ድምፅ…» አሉ ከፊት።

«የቱ ድምፅ ጌታዬ?»

«ይንኳኳ… ነበር። አንተ… ጸጥ አደረግከው።»

«አዎ፣ አስታውሳለሁ።»

እንዴት ይረሳዋል? መኪናው ለመጨረሻ ጊዜ የመጣበት ቀን ነበር። ያኔ የነበራቸው ሹፌር ቁልፉን ወርውሮ፣ «ጌታዬ የኋላው በር እየተንኳኳ እንቅልፍ ነሳኝ ብለዋል፤ ዛሬውኑ ዝም ይበል» ብሎ ሄደ። ጸጥታ ግን መጀመሪያ የሮጠው ወደ ክሪኩ ከረጢት ነበር። ከዚያ በፊት በላከው ደብዳቤ፣ «የአባትሽ ቃል ከከበደሽ አልፈርድብሽም፤ ከረጢቱን ባዶ ተዪው፣ ይገባኛል» ብሏት ነበርና። ከረጢቱ ባዶ ነበር። ገልብጦ አራገፈው። ክሪኩ ወደቀ፣ ሌላ ምንም።

ከዚያ ሥራ ሥራ ነውና በሩን ሊያይ ገባ። በሩ በውስጥ በኩል የፕላስቲክ ልባስ አለው። የልባሱ ጠርዝ ላላ ብሏል፤ የሚንኳኳው እሱ ነው። ጣቱን በስንጥቁ ሲሰድ የታጠፈ ወረቀት ነካ። የጋሼ ፒንሳ ወረቀት ነው ብሎ አለፈው። ጋሼ ፒንሳ እንዲህ ናቸው፤ የሚንኳኳ ልባስ ሁሉ ውስጥ ያገኙትን ወረቀት አጥፈው ይወትፋሉ። የሲጋራ ፓኮ፣ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ አንዴማ ባለቤታቸው ገበያ የላኳቸውን ዝርዝር ወትፈው፣ ሽንኩርቱን ረስተው የገቡ ጊዜ ቤት ውስጥ የሆነውን ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት። ጸጥታም ወረቀቱ ስለላላ ነው የሚንኳኳው ብሎ በካቻቢቴው ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋው። ልባሱን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። ጸጥ አለ።

መኪናውም ከዚያ ቀን ወዲያ አልመጣም።

አሁን ከመያዣው ፊት ያለችውን ትንሽ ክዳን ነቅሎ የውስጧን መላላኪያ፣ መያዣውን የምታስለቅቀውን ትንሽ ብረት፣ በካቻቢቴ ገፋት። ንቅንቅ አልል አለች። የልባሱን ቪቴዎች አንድ በአንድ ፈታ፤ በሁለት እጁ ሲስበው ክሊፖቹ ጠቅ ጠቅ እያሉ ለቀቁ። የጣራዋን መብራት አበራና አየ። መያዣው ጥርስ ውስጥ ወረቀት ገብቶበታል። ሁለት ክረምት ሙሉ ውኃ እየጠጣ አብጧል፣ ዳሩ ዝገት ለብሷል፣ በመሃሉ የብረቱ ጥርስ ታትሞበታል። በየመንገዱ ንዝረት ትንሽ ትንሽ ሲወርድ ኖሮ ዛሬ ጠዋት በሩ ሲዘጋ ጥርሱ ውስጥ ነከሰው።

በጣቱ እየሸረፈ አወጣው። ካላንደር አልነበረም። የሲጋራ ፓኮም አልነበረም። አራት ጊዜ የታጠፈ ባለ መስመር ወረቀት ነበር፤ ያን አስተጣጠፍ ያውቀዋል።

ሚጣ ከውጭ ዝናብ እየደበደባት በኋላው መስታወት ታየዋለች። መጀመሪያ የሚሠራውን ነበር የምታየው። ቀጥሎ እጁ እንደቆመ አየች። ከዚያ ወረቀቱን አየች፤ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈችና አፏ ተከፈተ። ምን እንዳለች አይሰማም፤ በሩ እንደተዘጋ ነው።

ቀለሙ ቢፈዝም ይነበባል፦

«ቦታ ቀየርኩ። ሹፌሩ ትናንት ጎማ ሊቀይር ከረጢቱን ከፍቶት ነበር፣ ለጥቂት ነው የተረፍነው። እዚህ ግን አንተ እንጂ ማንም እጁን አይከትም። ባዶ ተዪው ብለኸኝ ነበር፤ አልተውኩትም። አባዬን ለመንኩት፣ አልሰማኝም። ሐሙስ በአሥር ሰዓት መናኸሪያው የቲኬት መስኮት አጠገብ እቆማለሁ። አንዲት ሻንጣ ብቻ ነው የምይዘው። የትም ውሰደኝ። ካልመጣህ መልስህ እሱ ነው ብዬ እይዘዋለሁ፤ ለምን ብዬ አልጠይቅህም፣ አንተም አትንገረኝ። ግን ትመጣለህ።»

ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀና ሲል መስታወቱ ላይ ያለው መዳፍ አልተነሳም፤ በዙሪያው ውኃው እየተከፈለ ይወርዳል። አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆና እንደዚያን ቀን የራቀችበት ጊዜ የለም።

*

መላላኪያዋን ገፋት። ቀጭ አለች። በሩ በራሱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ፣ ዝናቡና ሚጣ ባንድ ላይ ገቡ።

«ከረጢቱ ባዶ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። እኔ እኮ…» ድምፅዋ ተቆረጠ። «ያገኘዋል ብዬ ነበር። የተደበቀውን ሁሉ በጆሮህ የምታገኘው አንተ አይደለህ? የኔን ብቻ እንዴት አጣኸው?»

«አላጣሁትም።»

«ምን?»

«አግኝቼዋለሁ። በዚህ ጣቴ ነክቼዋለሁ። የጋሼ ፒንሳ ውታፍ መሰለኝ። በካቻቢቴ ገፋሁት፣ በመዳፌ ሁለት ጊዜ መታሁት…» መዳፉን ገልብጦ አየው። «እኔ ነኝ የቀበርኩት።»

ሚጣ የበሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ፀጉሯ ከግንባሯ ጋር ተጣብቋል። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን እንጂ እሱን አላየችውም።

«ያን ሐሙስ ዝናብ ነበር» አለች።

«ነበር። ባልዲ ስንደፋ ነው የዋልነው።»

«መናኸሪያው ከዚህ ስንት ደቂቃ ነው?»

«በእግር አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ…» ሳቀች፤ ግን እሱን ሳቅ ብዬ ለመንገር አፌ እምቢ ይለኛል። «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆምኩልህ። ቲኬት ሻጯ መስኮቷን ስትዘጋ፣ "የኔ እህት፣ የመጨረሻው አውቶቡስም ሄዷል፣ የምትጠብቂው ሰው ከሆነ እሱም አይመጣም" አለችኝ። ተጣላኋት። በኋላ ሳስበው እውነቷን ነው አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እውነቷን ነው እያልኩ ኖርኩ።»

«እኔም ከበዳት እያልኩ ኖርኩ።»

«ብታነበው ኖሮ…» ቀና ብላ አየችው። «እውነቱን ንገረኝ። ትመጣ ነበር?»

ጸጥታ ቱታውን አየ፣ እጁን አየ።

«ሳልታጠብ እመጣ ነበር» አለ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ጮክ ብላ አይደለም፤ ከፊት የተቀመጡት እንዳይሰሙ እጅጌዋን ነክሳ። እሱም ሊያባብላት እጁን አነሣና ነጭ ሹራቧን አይቶ ከአየር መለሰው። ከትከሻዋ በላይ ጥቂት ቆየ እጁ፤ ከዚያ ወረደ።

*

ዊልቸሩ ወጣ። ጸጥታ ዘረጋው፣ የጎማውን ፍሬን ያዘ፣ የአባትየውን በር ከፈተ። አንድ ክንዱን ከጀርባቸው፣ አንዱን ከጉልበታቸው ሥር አስገብቶ ሲያነሣቸው እንደ ፈራው አልከበዱትም። ያ ሁሉ ሰውነት የት እንደሄደ እንጃ። ከጣራው ሥር፣ ከሚያፈሰው ራቅ አድርጎ አስቀመጣቸው፤ ሚጣ ትራሱን ከጀርባቸው አደላደለች።

«በረደህ አባዬ?»

አልመለሱላትም። ዓይናቸውን የጣሉት ከጸጥታ ቱታ ኪስ ብቅ ያለችው ወረቀት ላይ ነበር።

«ምን… ነበረ?»

«ወረቀት ነው አባዬ። መያዣው ውስጥ ገብቶ ነው።»

«የማን?»

«የኔ» አለች ሚጣ።

«ለኔ» አለ ጸጥታ።

ጣራው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ባልዲዎቹ በተራ በተራ ጠብ ጠብ ይላሉ። አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ የረጠበ ፊቷን፣ የተነከሰ እጅጌዋን። የኋላው በር ከተከፈተ ወዲህ የተባለው ሁሉ ፊት ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ያን ሁለቱም አላሰቡትም። የታመመው ዓይናቸው እንደወትሮው ያነባል። ያኔ ግን ደህነኛውም ማንባት ጀመረ።

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ጸጥታ በለመደው አንጓውን ሰጣቸው። አንጓውን አለፉና መዳፉን ያዙ። ከነግራሶው አጥብቀው ያዙት።

«እኔ… ነኝ» አሉ። «ድምፁን… አጥፋ… ያልኩህ።»

ጸጥታ እጃቸውን እንደያዘ ተንበርክኮ ቆየ። ጋሼ ፒንሳ እንኳ ከውስጥ ብቅ ብለው አዩና፣ ለቀልድ የተከፈተ አፋቸውን ዘግተው ተመለሱ።

*

ግማሽ ሰዓት አርፈው ጀርባቸው ፋታ ሲያገኝ ወደ መኪናው መለሳቸው። ልባሱን አሰረ። እንደ ልማዱ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በመዳፉ ነካ ሲያደርገው ግን ልባሱ ኳ ኳ አለ። ወረቀቱ ወጥቷላ። ጸጥታ ከጠረጴዛው ላይ ቁራጭ ካርቶን አነሣና ያጥፍ ጀመር።

«አትወትፈው» አለች ሚጣ።

«መንገድ ላይ ይንኳኳብሻል። አባትሽም ድምፅ አይወዱም።»

«ይንኳኳ።»

ካርቶኑን አስቀመጠ። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም።

«ያንተ ነው። ዘግይቶ ደረሰህ እንጂ ያንተ ነው።»

«መልስ ብጽፍለትስ?»

ቀለበቷን በአውራ ጣቷ አንዴ አዞረችው። «የሠርግ ካርድ የተበተነላት ሴት» አለች ቀስ ብላ፣ «ደብዳቤ የት ታስቀምጣለች?»

የሚያውቀው ቦታ አልነበረም። ቢኖር አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱንም እሱ ራሱ ነው የደፈነው።

ገባች፣ ሞተሩን አስነሣች። መኪናው ከግቢው ሲወጣ የግቢውን በር ጉድጓድ ረግጦ ነጠረና ኳ ኳ አለ። እኚያ ለትንሽ ድምፅ መኪና የሚያስቆሙ አባት ምንም አላሉም፤ ፊታቸው ወደ መስኮቱ ነው። ጸጥታ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ቆመ። መኪናው መንገዱን ይዞ እስከ ማዕዘኑ ሄደ። እዚያ ሲደርስ የፍሬን መብራቱ በራ። ቆመ። ከፊቱ መኪና አልነበረም፣ ሰውም አልነበረም። ቀዩ መብራት እርጥቡ አስፋልት ላይ ፈሶ ለረጅም ጊዜ ቆየ። ጸጥታ አንድ እርምጃ ሄደ ወደዚያው።

መብራቱ ጠፋ፣ መኪናውም ታጠፈ።

ጋሼ ፒንሳ ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ ይዘው መጡና አጠገቡ ቆሙ። ወረቀቱ እንዳይረጥብ በመዳፉ ውስጥ አፍኖ ይዞታል።

«ሄዱ?» አሉት።

«ሄዱ።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ግባ፣ ትታመማለህ።»

አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሚንኳኳ ነገር ሲፈልግ እንደሚያደርገው ጆሮውን ወደ ማዕዘኑ ሰጠ።

«ቆይ ጋሼ» አለ። «ገና ይሰማኛል።»